«ፎር ቱ በይ» ለምን ስህተት ሆነ?

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ጤና ይስጥልኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በእንግሊዝኛ «አይ ኬም ቱ ጅማ ፎር ቱ በይ ኮፊ» ብለው ይጽፋሉ። እንዴት ላስረዳቸው? «ቱ» የምትቀረውስ መቼ ነው?

መልስ፦ ስህተቱ የሚመጣው ከራሳችን ቋንቋ ነው። «ለመግዛት» ስንል «ለ» አለች፤ በኦሮምኛም «ቢቱፍ» መጨረሻ ላይ ያለችው «ፍ» ያው ናት። ተማሪው ያቺን «ለ» በ«ፎር» ይተካታል። እንግሊዝኛ ግን ዓላማን ለመግለጽ «ቱ» ብቻዋን ትበቃዋለች፦ «አይ ኬም ቱ በይ ኮፊ»። «ፎር» ካስገቡ ስም ያስከትሉ፦ «አይ ኬም ፎር ኮፊ»። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ይጻፉላቸው።

ሌላ መልስ፦ «ቱ» ከ«ካን»፣ «ማስት» እና «ሹድ» በኋላ አትገባም። ከ«ሜክ» እና «ሌት» ጋርም እንዲሁ፦ «ሺ ሜድ ሚ ዌት»። የ«ሜክ» ዓረፍተ ነገር ተገብሮ ሲሆን ግን ትመለሳለች፦ «አይ ዋዝ ሜድ ቱ ዌት»። እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ሌላ መልስ፦ ለኔ ከሁሉም የሚከብደው የ«መ» ነገር ነው። አማርኛ በ«መጠጣት» ይጨርሳል፤ እንግሊዝኛ «ቱ ድሪንክ» እና «ድሪንኪንግ» ብሎ ይለያል። «ዲሳይድ» እና «ሆፕ» «ቱ» ይፈልጋሉ፤ «ኢንጆይ» እና «ፊኒሽ» ደግሞ «ኢንግ»። «ስቶፕ» ላይ ትርጉሙ ይገለበጣል፦ «ሂ ስቶፕድ ቱ ድሪንክ ኮፊ» ቡና ሊጠጣ ቆመ፣ «ሂ ስቶፕድ ድሪንኪንግ ኮፊ» ቡና መጠጣት ተወ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚት ዩ»ስ?

መልስ፦ «ሚቲንግ ዩ» ነው የሚባለው። እዚያ «ቱ» መስተዋድድ ናት፤ ከኋላዋ ስም መግባት ከቻለ ግሡ «ኢንግ» ይይዛል።