ጓንት ወይስ ዱላ? ኦዚ ስሚዝን በቴምፕልተን የለወጡ ቀን

የዳላሱ፦ እስቲ ፍረዱኝ። የቤዝቦሉ ክለብ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ለ1982 ውድድር ሾርትስቶፑን (የውስጥ ሜዳ ተከላካዩን) ጋሪ ቴምፕልተንን ለሳንዲያጎ ሰጥቶ፣ በጓንቱ ማለትም በመከላከል የሚታወቀውን ሾርትስቶፕ ኦዚ ስሚዝን ወሰደ። ቴምፕልተን በ1979 በግራም በቀኝም እየመታ በየጎኑ 100 ሂት (መትቶ ማረፊያው ቤዝ በሰላም የደረሰበት ምት) ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው። ኦዚ በ1981 የመታው .222፣ ማለትም ከሺህ ሙከራ 222 ሂት ሂሳብ! እኔ የካርዲናልስ ደጋፊ ብሆን እሪ ነበር የምለው።

የሴንት ሉዊሷ፦ እሪ ብለህ ሳትጨርስ በዚያው ዓመት ወርልድ ሲሪስን (የዓመቱን ዋንጫ) በሉ። ደግሞ ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ የመታው ሆም ራን (አጥር የሚሻገር ምት) 67 ብቻ ነው፣ ከሁሉም ክለብ ያነሰ። በዱላ ነው ያሸነፉት ትለኛለህ?

ጀማሪ፦ ይቅርታ፣ ሾርትስቶፕ ግን ምን ያህል ኳስ ይደርሰዋል?

የዲሲው፦ ብዙ! የሚቆመው በሁለተኛና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ነው፤ ቀኝ እጅ መቺዎች መሬት ለመሬት የሚሰዱት ኳስ ብዙ ጊዜ ወደሱ በኩል ነው። በስታቲስቲክስ ሰዎች ስሌት፣ ሂት ሊሆን የነበረን አንድ ኳስ ወደ አውት (መቺውን ማስወጣት) መለወጥ ሦስት አራተኛ ራን (ነጥብ) ገደማ ያወጣል። በዓመት 20 ኳስ ከሌላው በላይ ከያዘ 15 ራን አዳነ ማለት ነው፤ 10 ራን ደግሞ በግምት አንድ ድል ነው። ኦዚ በ1980 ብቻ 621 አሲስት (ለአውት ያበቃ ውርወራ) አለው፣ ለሾርትስቶፕ ክብረ ወሰን።

የዳላሱ፦ ወንድሜ፣ ስሌቱ ይቆየንና የያንኪሱን ሾርትስቶፕ ዴሪክ ጂተርን አስበው። 3,465 ሂት! በ2020 ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቆች የክብር መዝገብ) ሲገባ ከ397 ድምፅ 396ቱን አገኘ። ጓንቱን ማን ጠየቀው?

የዲሲው፦ እኛ ጠየቅን እንጂ! ጂተር ያልደረሰበት ኳስ ስህተት ተብሎ አይመዘገብበትም፣ በቃ ሂት ይባላል። ስለዚህ የስህተት መዝገቡ ንጹህ ይመስላል። በዚያ ላይ በሾርትስቶፕነት ሁለት ዓመት ተከታታይ ጎልድ ግላቭ (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት) የወሰደው አሌክስ ሮድሪገስ በ2004 ወደ ያንኪስ ሲመጣ፣ ወደ ሦስተኛ ቤዝ የተገፋው ጂተር ሳይሆን ሮድሪገስ ነው። ዝና ማለት ይሄ ነው።

የዳላሱ፦ ያም ሆኖ የሚመታ ሾርትስቶፕ ብርቅ ነው። የጂተርን ሂት ከሰልፉ አውጣና ያንኪስን እየው።

የሴንት ሉዊሷ፦ ኦዚን ዱላ አያውቅም ያለው ማን ነው? በ1987 አንድም ሆም ራን ሳይመታ .303 ጨርሶ በሊጉ ኮከብ ተጫዋች ምርጫ 2ኛ ወጣ። በካርዲናልስ ሜዳ በቡሽ ስታዲየም ሰው ሠራሽ ሳር ላይ ኳስ እንደ ጥይት ነበር የምትሄደው፤ እግር የሌለው ሾርትስቶፕ እዚያ ዋጋ የለውም።

የዳላሱ፦ የሳሩን ነገር እቀበላለሁ። ቴምፕልተን ግን ለጓንቱ ሲባል አልሄደም፤ በ1981 ለገዛ ደጋፊዎቹ ጸያፍ ምልክት አሳይቶ ነው ክለቡ የሰለቸው። ደግሞ በ1984 ከሳንዲያጎ ጋር ወርልድ ሲሪስ ደርሷል።

የሴንት ሉዊሷ፦ ደርሶ ተሸነፈ።

ጀማሪ፦ ታዲያ ዛሬ ብዙዎቹ መቺዎች ስትራይክአውት እየሆኑ (ኳሷን ሳያገኙ እየወጡ) ሲመለሱ፣ ወደ ሾርትስቶፕ የሚሄደው ኳስ አልቀነሰም?

የዲሲው፦ ቀንሷል፣ ጥሩ ብለሻል። ግን ከ2023 ጀምሮ ከሁለተኛው ቤዝ በየጎኑ ሁለት ሁለት የውስጥ ሜዳ ተከላካይ መቆም ግዴታ ሆኗል፤ እንደ ድሮው ሦስቱን ባንድ ወገን መደርደር ቀረ። ስለዚህ በእግሩ የሚደርስ ሰው ዋጋው እንደገና ወጣ። እኔ ቡድኔ መሬት ለመሬት የሚያስመታ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ካለው ኦዚን፣ ከሌለው መቺውን እወስዳለሁ።