የቴን ቦል ብሬክ ስታቲስቲክስ እንዴት ይያዝ? (የ16 ሰው ውድድር፣ ደብረ ማርቆስ)

የማርቆስ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከማርቆስ፣ ከደምበጫ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የተውጣጡ 16 ተጫዋቾች የሚገናኙበት የቴን ቦል ውድድር ደብረ ማርቆስ ላይ እየተሰናዳ ነው። ቴን ቦል ከ1 እስከ 10 ያሉት ኳሶች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል የሚመቱበት የፑል ጨዋታ ነው። ጥሎ ማለፍ ሲሆን እያንዳንዱ ግጥሚያ እስከ 7 ጌም ነው፤ ቀድሞ 7 ያሸነፈ ያልፋል። ሁለት ባለ 9 ጫማ ጠረጴዛ አለ፤ በየጠረጴዛው አንድ መዝጋቢ ይቀመጣል።

እንደ ትልልቆቹ ውድድሮች የብሬክ (ድርድሩን የሚበትነው የመጀመሪያ ምት) ቁጥር ይዘን መውጣት እንፈልጋለን፦ ስንቱ ብሬክ ኳስ አስገባ፣ ብሬክ የመታው ስንቱን ጌም አሸነፈ፣ ስንቱን ከብሬኩ ጀምሮ ሳይነሳ (ተራውን ለተቃራኒው ሳይለቅ) ጨረሰ። ወረቀቱ ላይ ምን ምን ይጻፍ? ብሬክ ተራ በተራ ይሁን ወይስ ያሸነፈ ይምታ? «እገሌ ከእገሌ የተሻለ ብሬክ አለው» ለማለትስ ስንት ብሬክ መቆጠር አለበት?

ጣና ዳር፦

ወንድሜ፣ ከወረቀቱ በፊት ሕጉን ለይታችሁ ጻፉ፤ የቁጥሩ ጠብ ሁሌም የሚነሳው ከሕጉ ነው። በዓለም አቀፉ ሕግ 1 ቁጥር በድርድሩ ጫፍ ላይ፣ ነጥቡ ላይ ትቀመጣለች፤ 10 ቁጥር መሃል ትሆናለች። በብሬክ ምንም ኳስ ካልገባ ቢያንስ 4 ኳሶች ጠርዝ መንካት አለባቸው፤ ካልነኩ ፋውል ነው። 10 ቁጥር በብሬክ ብትገባ ጌሙ አያልቅም፤ ወደ ነጥቡ ትመለሳለች፣ መቺው ይቀጥላል። በየፑል ቤቱ «10 በብሬክ ከገባች አለቀ» ብሎ የሚጫወት አለ። እናንተም በዚያ ከሄዳችሁ እነዚያን ጌሞች ለብቻ ቁጠሯቸው፤ አለበለዚያ ሳይነሱ ከጨረሷቸው ጌሞች ጋር ተደባልቀው ቁጥሩን ያሳብጡታል።

ለአንድ ጌም አንድ መስመር ይበቃል። መጀመሪያ የመቺው ስም፣ ቀጥሎ የብሬኩ ውጤት በአንድ ፊደል፦ «ገ» ያለ ፋውል ኳስ ገባ፣ «ባ» ባዶ ግን ሕጋዊ፣ «ፋ» ፋውል። ኳስ ገብቶ ነጯም (በስቲክ የምትመታዋ ኳስ) አብራ ከገባች «ፋ» እንጂ «ገ» አይደለም፤ መዝጋቢዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከ«ገ» ጎን ስንት ኳስ እንደገባ ጻፉ። ከዚያ «1 ትታያለች» ወይም «ተደብቃለች»፣ ቀጥሎ ፑሽ ከተባለ (ከብሬኩ ቀጥሎ 1ን መንካት ሳያስፈልግ ነጯን ወደ ሌላ ቦታ መግፋት፤ ተቃራኒው ወይ ተቀብሎ ይመታል ወይ ይመልስለታል) «ፑ»፣ መጨረሻ ላይ አሸናፊው። መቺው ከብሬኩ ጀምሮ ጠረጴዛውን ሳይለቅ 10ን ካስገባ መስመሩ ይከበብ። ፑሽ ብሎ፣ ተቃራኒው መልሶለት ከጨረሰ አይከበብም። ይህንን ግን ውድድሩ ሳይጀመር ተስማሙበት።

ሒሳቡን ለማሳየት የፈጠርኩት ቁጥር ይኸውና። 160 ብሬክ ተመታ እንበል፦ 88 «ገ»፣ 52 «ባ»፣ 20 «ፋ»። መቺው ከ88ቱ 53ቱን፣ ከ52ቱ 23ቱን፣ ከ20ዎቹ 6ቱን አሸነፈ። እንግዲህ ኳስ ያስገባ ብሬክ 55 በመቶ ነው። ኳስ ሲያስገባ መቺው የሚያሸንፈው 60 በመቶ፣ ባዶ ሲሆን 44፣ ፋውል ሲሆን 30 ነው። ሁሉንም ስትደምር 82 ከ160፣ ማለትም 51 በመቶ ብቻ። «ብሬክ የመታ 60 በመቶ ያሸንፋል» ተብሎ ሲወራ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ተነጥሎ የተወሰደ ነው። 12 ጌም ሳይነሱ ከተጨረሰ ደግሞ ከሁሉም ብሬክ 7.5 በመቶ ነው፣ ኳስ ካስገቡት ብቻ 13.6 በመቶ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ «ከስንት» የሚለው አብሮ ካልተጻፈ ግን ሰው እንደፈለገ ያነበዋል።

ጮቄ፦

በተራውና በአሸናፊው ጉዳይ እኔ ልመልስ። ለቁጥር ተራ በተራ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ወይም በአንድ የሚለያይ ብሬክ ስለሚመቱ ነው። ያሸነፈ ሲመታ ጎበዙ ደጋግሞ ይመታል፤ ስለዚህ የውድድሩ አማካይ የጎበዞቹ አማካይ ይሆናል። «መቺው 62 በመቶ አሸነፈ» ብትል ብሬኩ ጠቅሞት ነው ወይስ ቀድሞውንም የተሻለ ተጫዋች ስለሆነ ነው? መለየት አይቻልም። በተራ በተራ ግን የውድድሩ አጠቃላይ ቁጥር ከ50 በግልጽ ከፍ ካለ ጥቅሙ የብሬኩ ነው ማለት ትችላለህ፤ ጥንካሬው ከሁለቱም ወገን ተመጣጥኖ ይጠፋፋልና። የሁለቱን ዓይነት ውድድር ቁጥር አንድ ላይ መደመር ነጭ ጤፍን ከሰርገኛ ቀላቅሎ በነጭ ዋጋ እንደመሸጥ ነው።

ያሸነፈ ይምታ ካላችሁም ቁጥሩን የምታጣሩበት መንገድ አለ። 7 ለ 5 ያለቀ ግጥሚያ 12 ጌም፣ 12 ብሬክ ነው። አሸናፊው 7 ጊዜ አሸንፏል፤ የመጨረሻዋ ድል ግን ብሬክ አታስመታም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ብሬክ በላግ (ማን እንደሚጀምር በሚለይበት ምት) ያገኘው እሱ ከሆነ 7 ብሬክ መትቷል፣ ካልሆነ 6። ተሸናፊው ደግሞ 5 ወይም 6። ወረቀቱ ሌላ ቁጥር ካሳየ አንድ መስመር ተዘሏል ወይም አሸናፊው ተገላብጦ ተጽፏል። ግጥሚያው እንዳለቀ፣ ተጫዋቾቹ ሳይበተኑ አጣሩት፤ ማታ ላይ ማንም አያስታውሰውም።

ስንት ብሬክ ይበቃል ላልከው፦ 16 ሰው ጥሎ ማለፍ 15 ግጥሚያ ነው። እስከ 7 ሲሆን አንድ ግጥሚያ ከ7 እስከ 13 ጌም ይፈጃል፤ ጠቅላላው ከ105 እስከ 195 ብሬክ መካከል ይወድቃል። ወደ 50 በመቶ ለሚጠጋ ቁጥር የስህተቱን ስፋት በቀላሉ ለማግኘት 100ን ለብሬኩ ብዛት ስኩዌር ሩት አካፍል። 25 ብሬክ ከሆነ 100 ለ5፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 20 ነጥብ ነው። 100 ብሬክ 10 ነጥብ፣ 400 ብሬክ 5 ነጥብ። ጣና ዳር ያስቀመጠው 55 በመቶ በ160 ብሬክ 8 ነጥብ ገደማ ይወዛወዛል፤ ከ47 እስከ 63 መሆኑ ነው። የውድድሩን አጠቃላይ ሁኔታ ለመናገር ይህ ይበቃል። ለአንድ ተጫዋች ግን፣ ፍጻሜ የደረሰው እንኳ 4 ግጥሚያ ተጫውቶ በተራ በተራ ከ12 እስከ 28 ብሬክ ነው የሚመታው። በዚያ ላይ ተመሥርቶ «እገሌ ይበልጣል» ማለት አይቻልም። 14 ከ20 ያስገባና 10 ከ20 ያስገባ ሁለት ሰዎች ልዩነታቸው ዕድል ብቻ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩን ለጥፉ፣ ደረጃ ግን አታውጡበት። ሦስት አራት ውድድር ተጠራቅሞ አንድ ሰው 100 ብሬክ ሲሞላ ያኔ እንነጋገራለን።

ውሃ ልክ፦

ሁለቱም ወንድሞች ያሉት ደህና ነው፤ ግን ጠረጴዛውና አደራደሩ ካልተስተካከለ የምትቆጥሩት የጨርቁን ጉድለት ነው።

በመጀመሪያ በግንበኛ ውሃ ልክ ጠረጴዛውን በርዝመቱም በወርዱም ለኩ፤ ባዘነበለው እግር ሥር ስስ ጣውላ ወይም ካርቶን አስገቡ። ቀጥሎ 1 ቁጥር የምትቀመጥበትን ነጥብ በጣት ዳብሱ። በዓመታት ድርደራና ብሬክ ጨርቁ እዚያ ይጎደጉዳል፤ 1 ቁጥር ጉድጓዷ ውስጥ ስትገባ ከኋላዋ ካሉት ሁለቱ ትለያለች። በ1ና በሁለተኛው ረድፍ መካከል ክፍተት ካለ የብሬኩ ኃይል ተከፋፍሎ ይባክናል፤ ኳሶቹ ተጠጋግተው ይቀራሉ፣ ባዶ ብሬክ ይበዛል። ክፍተቱን ለማየት የስልክ መብራት ከድርድሩ ጀርባ አብርታችሁ ከፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ በሁለት ኳሶች መካከል ብርሃን ካለፈ አልተነካኩም። ጨርቁ መቀየር ካልተቻለ ነጥቡን በአንድ ጣት ስፋት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አዛውሩና በሁለቱም ጠረጴዛ አንድ ዓይነት አድርጉት።

ኳሶቹስ? ደረጃቸው 57.15 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ከ156 እስከ 170 ግራም ክብደት ነው። በየፑል ቤቱ የጠፋውን ከሌላ ስብስብ መተካት የተለመደ ስለሆነ ድብልቅ ይበዛል። ከወርቅ ቤት የስስ ዕቃ መለኪያ (ካሊፐር) እና ሚዛን ተውሳችሁ 11ዱንም ለኩ። ትንሽ ያነሰች አንዲት ኳስ መሃል ከገባች ድርድሩ በፍጹም አይገጥምም። ነጯ ከበደች ደግሞ ከምቱ በኋላ ወደ ፊት እየገፋች ትሄዳለች፣ የፋውሉም ቁጥር ይለወጣል። ኳሶቹን ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ፤ በየ5 ጌሙ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ክረምት ላይ ማርቆስ እርጥበቱ ከባድ ነው፤ የረጠበ ጨርቅ ኳስ ያዘገያል። ስለዚህ የሐምሌን ቁጥር ከጥር ቁጥር ጋር ስታወዳድሩ ወሩን ጻፉ።

ማን ይደረድራል የሚለው ከሁሉም ይበልጣል። መቺው ራሱ ሲደረድር፣ ተቃራኒው ሲደረድርና ዳኛ ሲደረድር ሦስት የተለያየ ቁጥር ነው የሚወጣው። በትልልቆቹ ውድድሮች ኳሶቹን አጥብቆ የሚይዝ ስስ የፕላስቲክ ወረቀት፣ ማጂክ ራክ የሚሉት፣ ድርድሩን ተመሳሳይ ያደርገዋል። ያ ወረቀት ናይን ቦል (በዘጠኝ ኳስ የሚካሄደው ጨዋታ) ላይ ሲገባ በጎን ጫፍ ያለችው ኳስ ወደ ማዕዘን ቀዳዳ ደጋግማ መግባቷ ችግር ፈጥሯል። ቴን ቦል በባለሙያዎች ዘንድ የተወደደበት አንዱ ምክንያት አሥር ኳስ በትሪያንግል ሲደረደር እንደዚያ ያለች እርግጠኛ ኳስ ስለማትገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የመጀመሪያው የዓለም ቴን ቦል ሻምፒዮና ማኒላ ላይ ሲካሄድ እንግሊዛዊው ዳረን አፕልተን፣ በ2009 ደግሞ ፊንላንዳዊው ሚካ ኢሞነን አሸንፈዋል። የእነሱን ዓይነት ውድድር ቁጥር ከእናንተ ጋር ስታስተያዩ የቀዳዳውን ስፋትም አስቡ፦ ደረጃው በማዕዘን ከ11.4 እስከ 11.7 ሴንቲ ሜትር፣ በመሃል ከ12.7 እስከ 13 ነው። የእናንተን በሜትር ለክታችሁ ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉ። አሜሪካ ውስጥ ደርቢ ሲቲ ክላሲክ በሚባለው ዝግጅት ባለ 10 ጫማ ጠረጴዛ ላይ ሲካሄድ የቆየ የቴን ቦል ውድድር አለ፤ የዚያ ቁጥርና የ9 ጫማው ቁጥር አንድ መዝገብ ውስጥ አይገቡም።

የማርቆስ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ጠርቶልኛል። ዳኛ እንዲደረድርና ብሬክ ተራ በተራ እንዲሆን እናደርጋለን። ሁለት ነገር ይቀረኛል። የብሬኩን ፍጥነት በስልክ መለካት ይቻላል? ደግሞም ባዶ ብሬክ ሆኖ ተቃራኒው ተራው ደርሶት ሁሉንም ቢጨርስ እንዴት ይመዘገባል?

ውሃ ልክ፦

ፍጥነቱን በቪዲዮ አትሞክር፤ የተለመደው የስልክ ቪዲዮ በሴኮንድ 30 ምስል ስለሆነ ጠቅላላ ጉዞው ሦስት አራት ምስል ውስጥ ያልቃል። በድምፅ ይሻላል። ስልኩን በጎን ጠርዝ ላይ፣ በነጯና በ1 ቁጥር መካከል እኩል ርቀት ላይ አስቀምጥ፤ ድምፅ 1.2 ሜትር ለመሄድ ወደ 3.5 ሚሊ ሴኮንድ ስለሚፈጅ ስልኩ ወደ አንዱ ከቀረበ መለኪያው ይዛባል። ድምፁን ቅዳና ሞገዱን በሚያሳይ አፕ ክፈተው፤ ሁለት ሹል ጫፎች ታያለህ፣ አንዱ ስቲኩ ነጯን ሲነካ፣ ሌላው ነጯ 1ን ስትመታ።

ርቀቱን ከነጯ መሃል እስከ 1 ቁጥር መሃል ለክተህ 5.7 ሴንቲ ሜትር ቀንስ። በባለ 9 ጫማ ነጯ ከብሬክ መስመሩ መሃል ስትመታ 127 ሲቀነስ 5.7፣ 121.3 ሴንቲ ሜትር ነው። በሁለቱ ጫፎች መካከል 0.12 ሴኮንድ ካለ 1.213 ለ0.12 ሲካፈል በሴኮንድ 10.1 ሜትር፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ። 0.15 ከሆነ 29 ኪሎ ሜትር ነው። ነጯ ወደ ጎን ከተቀመጠች ርቀቱ ስለሚረዝም እንደገና ለካ። ከፍጥነቱ ጎን ነጯ የት እንደቆመች ጻፍ፦ መሃል፣ ጠርዝ ወይም ቀዳዳ። ፍጥነት ሲጨምር «መሃል» የሚለው እየቀነሰ «ቀዳዳ» ከበዛ ያ ሰው 1ን በሙሉ ፊቷ አላገኛትም ማለት ነው፤ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲስት ነጯ ወደ ጎን ትፈናጠራለች። ለእሱ ኃይሉን መቀነስ ከምንም በላይ ይጠቅመዋል።

ጣና ዳር፦

ለሁለተኛው ጥያቄ፦ መስመሩ ላይ «ባ»፣ አሸናፊው ተቃራኒው፣ እና ከስሙ ሥር ድርብ መስመር። ክብ ለመቺው፣ ድርብ መስመር ለተቃራኒው። ድርብ መስመሩ የሚሰመረው ተቃራኒው በመጀመሪያ ተራው ጠረጴዛውን ሳይለቅ ከጨረሰ ብቻ ነው፤ መሃል ላይ ሰፍቲ (ለማስገባት ሳይሆን ተቃራኒውን ለማስቸገር የሚመታ ምት) ከተጫወተ ወይም አስገባታለሁ ብሎ ቀድሞ ያልጠራት ኳስ ገብታ ተራው ካለፈ አይሰመርም። ከ«ፋ» በኋላም በዚሁ መንገድ ያዙ፣ ግን ድምሩን ከ«ባ» ለይታችሁ ቁጠሩ፤ ከፋውል በኋላ ነጯን በእጁ ይዞ የፈለገበት አስቀምጦ ነው የሚጀምረው፣ ከባዶ ብሬክ በኋላ ግን ባለችበት። እዚህ ላይ «1 ትታያለች» የሚለው ሳጥን ይጠቅማችኋል፦ ከባዶ ብሬክ በኋላ 1 ስትታይ ስንቱ ተጨረሰ፣ ተደብቃ ስትሆን ስንቱ ፑሽ ተባለ፣ ፑሹንስ ስንቱ ተቀብሎ መታ ስንቱ መለሰ። ለዚህ «ፑ» ላይ አንዲት ፊደል ጨምሩበት፦ «ፑ-ተ» ከተቀበለ፣ «ፑ-መ» ከመለሰ።