በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ሜዳ ካለን ምን እናስቀድም?

የሰፈር ኮች፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ10 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 14 ልጆችን ቅርጫት ኳስ አሰለጥናለሁ። የትምህርት ቤቱን ሜዳ የምናገኘው ማክሰኞና ቅዳሜ አንድ አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ የመረብ ኳስ ልጆች ይገባሉ። ያለን አንድ ሪንግና 5 ኳስ ነው። ዙር ሩጫና ማሟሟቂያው ብቻ 20 ደቂቃ ይበላብኛል። ሌይ አፕ (ወደ ሪንጉ እየሮጡ ገብቶ ከቅርብ ማስቆጠር) ስንሠራ ደግሞ 13ቱ ተሰልፈው አንዷን ያያሉ። እህት ወንድሞች፣ የቱን ልተው?

የድሮ ፖይንት ጋርድ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ሰልፉን አጥፊው። ልጅ ኳስ የሚለምደው ሲነካው ነው። ተራ ሲጠብቅ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀልቡም ይሄዳል።

ማሟሟቂያው በኳስ ይሁን። አምስቱ እያነጠሩ ይሽሹ፣ ሌሎቹ ሊነጥቁ ያሳድዱ። የነጠቀ እሱ ያነጥራል። ሰባት ስምንት ደቂቃ ይበቃል።

ከዚያ ሦስት ለሦስት አጫውቻቸው። ስድስቱ በአንድ ኳስ ሪንጉ ላይ ናቸው። የቀሩት ስምንቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው በአራቱ ኳስ ፓስ ይሥሩ። በየአራት ደቂቃው ቀያይሪያቸው። ሦስት ለሦስት ላይ መደበቂያ የለም፤ ዓይን አፋሯ ልጅም ኳስ ይደርሳታል። በየቀኑ አንድ ደንብ ብቻ ጨምሪ። ለምሳሌ «ዛሬ ማንጠር የለም» በያቸው። ያኔ ክፍት ቦታ ፍለጋ መሮጥ ይጀምራሉ።

ዞን ዲፌንስን (ሰው ሳይሆን ቦታ ይዞ መከላከልን) ለዚህ ዕድሜ እርሺው። ልጆቹ ቦታ ይዞ መቆም ይለምዱና አንድ ሰው ተከትሎ መያዝ ሳይችሉ ያድጋሉ። ይህን ብዙ ቡድን ላይ አይቼ አዝኛለሁ።

የተጫዋች አባት፦
ጋሼ፣ ዙር ሩጫው ከቀረ ትንፋሽ ከየት ይመጣል?

የድሮ ፖይንት ጋርድ፦
ወንድሜ፣ ማሳደዱ ውስጥ አለ። አንድ ቀን ቆመህ እያቸው፤ ላብ በላብ ይሆናሉ። ዙር ሩጫ ሜዳ አይፈልግም፣ ሪንግ ግን የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

የሰፈር ኮች፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ከኳሶቹ ሁለቱ 7 ቁጥር ናቸው። ሪንጉም የትልልቆቹ ነው። ችግር አለው?

የድሮ ፖይንት ጋርድ፦
አለው። 7 ቁጥር የአዋቂ ወንዶች ኳስ ነው፣ ለልጆቹ 5 ቁጥር ነው የሚሆነው። ትልቁን ለመወርወር ከወገባቸው ይገፉታል፤ ያ ልማድ ኋላ አይለቅም። 7 ቁጥሮቹን ለፓስና ለማንጠር አውጫቸው፣ ሹት በ5 ቁጥር ብቻ ይሁን። የሚኒ ባስኬት (የልጆች ቅርጫት ኳስ) ሪንግ ከፍታው 2.60 ሜትር ነው፣ የናንተ 3.05 ይሆናል። ማውረድ ካልተቻለ ከቅርብ አስወርውሪያቸው፤ ኳሱ ሪንጉን ከነካም አንድ ነጥብ ያዢላቸው።