እናቴን ወደ አርሴማ ሀገር ልወስዳት ነው፤ በ9 ቀን 3 ሀገር አይበዛባትም?

የእማዬ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ሱሉልታ ነው። እናቴ 64 ዓመቷ ነው፤ የቅድስት አርሴማ ጽዋ ማኅበርተኛ ናት። ራስጌዋ ላይ የሰቀለቻት ሥዕል ከጧፍ ጭስ ብዛት ጠርዟ ጠቁሯል። ፊቷን ግን በየሳምንቱ በነጠላዋ ጫፍ ስለምትወለውለው ዛሬም ንጹሕ ነው። "የተሰየፈችበትን ምድር ሳላይ አልሙት" ትላለች፣ እኛ ልጆች ከነበርንበት ጊዜ ጀምሮ።

ዘንድሮ እቁብ ወጣልኝ። ወንድሞቼም ጨመሩበት። አንድ የጉዞ ወኪል ጋ ሄደን ሦስት ሀገር በ9 ቀን የሚያስጎበኝ ፕሮግራም ሰጡን፦ ባኩ (አዘርባጃን) 3 ሌሊት፣ ትብሊሲ (ጆርጂያ) 3 ሌሊት፣ የአርሴማ ሀገር አርመን ዋና ከተማ የሬቫን 2 ሌሊት። አስጎብኚ፣ ሆቴልና መኪና አለው። ከባኩ ወደ ትብሊሲ "በመኪና ድንበር ትሻገራላችሁ" ይላል ወረቀቱ።

የጨነቀኝ ይኼ ነው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ይከብዳታል። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። መስከረም 29ን ደግሞ እዚያው ማክበር ነው ምኞቷ። ወኪሉ ግማሹን ገንዘብ እስከ ሐሙስ ክፈሉ ብሎናል፤ አይመለስም። የሄደ ወይም የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

ትኬት ቆራጭ ከቦሌ፦

እህቴ፣ ሐሙስ እንዳትከፍዪ። ሥራዬ ትኬት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው መንገድ ራሱ አሳስቦኛል። አዘርባጃን በኮቪድ ምክንያት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የየብስ ድንበሯን ለተራ መንገደኛ ዘግታ ከዚያ ወዲህ ስታራዝመው ነው የኖረችው። ሰው ከባኩ ትብሊሲ የሚሄደው በአውሮፕላን ነው። በአዘርባጃንና በአርመን መካከል ያለው ድንበር ደግሞ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተዘጋ ነው፤ በጦርነቱ የተነሳ። ለዚህ ነው ሁሉም ጉብኝት በጆርጂያ በኩል የሚዞረው። ወኪሉን "ከባኩ የምንወጣው በየትኛው በር ነው?" ብለሽ ጠይቂው። መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ።

ሌላው ቪዛ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ቪዛ አላቸው፤ የአንዱ ለሌላው አይሠራም። የሬቫን ደርሳችሁ በትብሊሲ የምትመለሱ ከሆነ ጆርጂያ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ከየሬቫን በቀጥታ ወደ ዱባይ በረራ ስላለ በዚያ ተመለሱ። ቀብዱንም ቪዛ ከተከለከላችሁ የሚመለስ አድርጉት። እምቢ ካለ ሌላ ወኪል ፈልጉ። የጉዞ ዶላርም ቢሆን ባንክ የሚሰጠው ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አይቶ ነው።

ሀገር ዟሪው፦

እኔ ግን ሦስቱንም እዩ ነው የምለው። እዚያ ድረስ ተሄዶ አንዱን መተው ያስቆጫል። ድጋሚ ዕድሉ መቼ ይገኛል?

ጋሼ የባኩ ተማሪ፦

ልጄ፣ እኔ በደርግ ጊዜ ባኩ ነው የተማርኩት። ያኔ ሁሉም ሶቪየት ኅብረት የሚባል አንድ ሀገር ስለነበር ማታ ባቡር ላይ ተሳፍረን ሌላኛው ሪፐብሊክ ላይ እንነቃ ነበር። ባኩን እወዳታለሁ። አሮጌው ከተማ በግንብ የታጠረ ነው፤ ከካስፒያን ባሕር የሚነሳው ነፋስ ኮፍያ ይነጥቃል። ሻዩን ወገቧ ቀጠን ባለ ብርጭቆ ያቀርቡልሃል፤ በየቤቱ እንደኛ ቡና እንግዳ የሚቀበሉት በሱ ነው።

ይሁንና ለእናትሽ ባኩን ተዪው። ሀገር ዟሪው የሚለው ለወጣት ትክክል ነው። ለሷ ግን የሦስት ሌሊቱ ሆቴል፣ አንዱ ቪዛና አንዱ በረራ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጉልበትም ይበላል። የመጣችለትን ሀገር በመጨረሻዎቹ ሁለት ሌሊቶች፣ ደክሟት፣ ሻንጣ እየዘጋች ልታይ ነው? ያን ገልብጪው። ጆርጂያ 3 ሌሊት፣ አርመን 5 ሌሊት። ከትብሊሲ የሬቫን በመኪና 5 ወይም 6 ሰዓት ነው። ሳዳኽሎ ላይ ድንበር ትሻገራላችሁ፤ ከዚያ የደበድን ሸለቆ ይዛችሁ ስትወጡ ሃግፓትና ሳናሂን የሚባሉ ጥንታዊ ገዳማት አሉ። ከሁለት አንዱ ይበቃል፤ እናትሽ እዚያ ትረፍ።

ማርታ ነኝ፦

ከእህቴ ጋር ሁለቱን ሀገር አይቻለሁ። ስለ አርሴማ ላውራሽ።

እዚያ ስሟ ህሪፕሲሜ ነው። "አርሴማ" ብትዪ የሚረዳሽ ላይኖር ስለሚችል ይህን ስም በወረቀት ያዢ። ቤተ ክርስቲያኗ ቫጋርሻፓት ነው፣ ኤጭሚያድዚን የሚሉት ከተማ ውስጥ። ከየሬቫን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሱሉልታ ፒያሳ እንደ መውረድ በዪው። የታነጸችው እ.ኤ.አ. በ618 ነው። ትልቅ አይደለችም። ግድግዳው እንደኛ በሥዕል አልተሞላም፣ ባዶ ድንጋይ ነው። መቃብሯ ከሥር ነው፤ በጠባብ ደረጃ ይወረዳል። ደረጃው ብዙ ስላልሆነ እናትሽን ከፊት አንድ ሰው፣ ከኋላ አንድ ሰው ይዟት ቀስ ብላ ትወርዳለች። አስጎብኚውን "እዚህ 20 ደቂቃ" እንዳይልሽ። ግማሽ ቀን ጠይቂ።

እህቴ በሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ ስትቆም ሻማ የምትሸጠው ሴትዮ ሮጣ መጥታ፣ ጫማውን አንስታ እጇ ላይ ሰጠቻት። እዚያ ጫማ አይወልቅም። እናትሽን ቀድመሽ ንገሪያት። ሻማቸው እንደ ጧፍ ቀጭን ነው፤ አሸዋ ላይ ይተክሉታል። ሲወጡ ለመቅደሱ ጀርባ አይሰጡም፣ ወደኋላ እየተራመዱ ነው የሚወጡት። እህቴ ይኼን ስታይ አለቀሰች።

ኾር ቪራፕ የሚባለው ገዳም ላይ ግን ተጠንቀቂ። ቅዱስ ጎርጎርዮስ የታሰረበት ጉድጓድ 6 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። መውረጃው ቀጥ ብሎ የቆመ የብረት መሰላል ነው። እናትሽ በምንም ዓይነት አትውረድ። ከላይ ሆና ትጸልይ፤ አንቺ ወርደሽ ፎቶ አንሺላት። ከግቢው ፊት ለፊት የአራራት ተራራ ይታያል፤ 5,137 ሜትር ነው፣ ያለው ግን ከድንበሩ ማዶ ቱርክ ውስጥ ነው።

ስለ ከፍታው ከሆነ አትፍሪ። ጆርጂያ ውስጥ ካዝቤክ ተራራ ሥር ያለችው የገርገቲ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን 2,170 ሜትር ላይ ናት። ወደዚያ የሚያሻግረው የጅቫሪ መተላለፊያ 2,379 ሜትር ነው። የናንተ ሱሉልታ ከሁለቱም ትበልጣለች። ብርዱ ግን ሌላ ነው፤ ነፋሱ ከበረዶ ላይ ይመጣል። ጋቢ ያዙ። ገርገቲ ድረስ መኪና ይወጣል፣ በእግር ውጡ ካሏችሁ እሺ አትበዪ።

የእማዬ ልጅ፦

ማርታዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይኼን ለእማዬ አንብቤላት "ጫማ ለብሼ እንዴት እገባለሁ" ብላ ሌሊቱን ስታስብ አደረች። ምግቡስ?

ማርታ ነኝ፦

ጆርጂያ ውስጥ "ሳማርኽቮ" በዪ፤ የጾም ማለት ነው። ሎቢዮ የሚባል የቦሎቄ ወጥ አላቸው፣ በሸክላ ይመጣል። ፕኻሊም አለ፤ ጎመን ወይም ስፒናች ከለውዝ መሳይ ፍሬ ጋር ተፈጭቶ የሚሠራ ነው። ሎቢያኒ የሚሉት ቦሎቄ የገባበት ዳቦ ግን አንዳንዴ ቅቤ ወይም የአሳማ ሥጋ አለው፣ ሳትጠይቂ አታስበያት። አርመን ውስጥ ፓሱጽ ቶልማ ጠይቂ፤ ቦሎቄ፣ ምስርና ሽምብራ በጥቅል ጎመን ቅጠል ተጠቅልሎ። ላቫሽ ደግሞ ቶኒር በሚባል መሬት ውስጥ በተቀበረ ምድጃ ግድግዳ ላይ ለጥፈው የሚጋግሩት ስስ ቂጣ ነው። ሴቶቹ ሰብሰብ ብለው ሲጋግሩት እማማ እጇን ጠቅልላ መቀላቀሏ አይቀርም።

ዲያቆን ወንድማችሁ፦

እህታችን፣ የበዓሉን ነገር ላንሳ። መስከረም 29 የኛ ነው። አርመኖች አርሴማን የሚያከብሩት ከጰራቅሊጦስ በኋላ ባለ ሰኞ ቀን ነው፤ ቀኑ ስለሚዘዋወር በግንቦት ወይም በሰኔ ይውላል። እናታችሁ በመስከረም ብትሄድ ንግሥ አታገኝም። ጭር ያለ ቤተ ክርስቲያንና ጸጥታ ነው የምታገኘው። ሕዝብ ባለበት ይሁን ካለች ሰኔ ይሻላል፤ የሐዋርያት ጾም ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው ላይ ይገጥማል። ሁለቱንም ንገሯትና ትምረጥ።

የአርመን ቤተ ክርስቲያን ከኛ ጋር በሃይማኖት አንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1965 መሪዎቻቸው እዚሁ አዲስ አበባ ከኛ፣ ከግብፅ፣ ከሶርያና ከሕንድ ጋር ተሰብስበዋል። ሥርዓቱ ግን ይለያል። ቁርባናቸው ያለ እርሾ ነው። እናታችሁ መቁረብ ካሰበች አስቀድማ የንስሐ አባቷን ታማክር። የጆርጂያ ቤተ ክርስቲያን እኛ ያልተቀበልነውን የኬልቄዶን ጉባኤ ከተቀበሉት ወገን ስለሆነች እዚያ መሳለም እንጂ መቁረብ የለም። ለሴት ሻሽና ቀሚስ ግዴታ ነው፤ እናታችሁ መቼም ያ አያስቸግራትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስንክሳሩን ያነበበ ሰው ጉዞውን በታሪኩ ቅደም ተከተል ቢያደርገው መልካም ነው። መጀመሪያ ኾር ቪራፕ፣ ጎርጎርዮስ የተጣለበት። ከዚያ አርሴማ፣ ንጉሥ ድርጣድስ ያስገደላት። ከዚያ የኤጭሚያድዚን ካቴድራል፣ ንጉሡ ተፈውሶ ሀገሩ ከተጠመቀ በኋላ የተሠራው። ሦስቱም ከየሬቫን ቅርብ ናቸው፤ ሁለት ቀን ይበቃል። ስለት ካላት ደግሞ አርመኖች "ማታግ" የሚሉት አላቸው። በግ ያርዱና በጨው ብቻ ቀቅለው ለነዳያን ያካፍላሉ። ከኛ ዝክር ጋር ዘመዳሞች ናቸው።

ጋሼ የባኩ ተማሪ፦

ዲያቆን ያለው ትክክል ነው። የሬቫን ላይ ማተናዳራን የሚባለውን የብራና ቤተ መዛግብትም ጨምሪ፤ ወደ 23,000 ብራና አለው። ፊደላቸውን ሜስሮፕ ማሽቶትስ እ.ኤ.አ. በ405 ገደማ ነው የቀረጸው። እናትሽ "ሀ" እና "በ" የሚመስል ታያለች። "ሀ" የመሰላት "ስ" ነው የሚነበበው።

እስከዚያው ፒያሳ አካባቢ ያለውን የአርመን ቤተ ክርስቲያን አሳያት። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 ልጆች፣ "አርባ ልጆች" የተባሉት የነሐስ ሙዚቀኞች፣ አርመኖች ነበሩ።

የእማዬ ልጅ፦

ወኪሉን ደወልኩለት። "ከባኩ በየትኛው በር ነው የምንወጣው?" ስለው "አጣርቼ እደውላለሁ" አለ። እስካሁን አልደወለም። ገንዘቡ እጃችን ላይ ነው።

ለእማዬ መስከረምን ወይስ ሰኔን ብያት ነበር። "ጭር ያለው ይሻለኛል፣ ብቻዬን አወራታለሁ" አለች። ስለዚህ ጆርጂያ 3፣ አርመን 5፣ መመለሻው ከየሬቫን። ሌላ ወኪል ጋ ሰኞ እንሄዳለን። ማርታ፣ አርሴማ ጋ ግማሽ ቀን የሚለውን ፕሮግራሙ ላይ አስጽፈዋለሁ።

እሁድ ፒያሳ ይዣት እወርዳለሁ። ጫማ ለብሳ መግባቱን እዚያ ትለማመደው።