የዋጋና የትርፍ ምጣኔው ዝቅ ያለ አክሲዮን በእርግጥ ርካሽ ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ዘርፍ የሚሠሩ ሁለት ኩባንያዎችን እያነጻጸርኩ ነው። የአንደኛው አክሲዮን ዋጋ 120፣ ባለፈው ዓመት ያስመዘገበው የአንድ አክሲዮን ትርፍ 20 በመሆኑ ፒኢ ሬሾው (ዋጋው ለትርፉ ሲካፈል የሚገኘው ምጣኔ) 6 ይመጣል፤ ሁለተኛው ግን በ70 እየተሸጠ ትርፉ 5 ብቻ ስለሆነ ምጣኔው 14 ነው። ይህን ያህል ልዩነት እያለ ገዢዎች ወደ መጀመሪያው ለምን እንዳልተሻሙ አልገባኝም። ከመግዛቴ በፊት ምን ላጣራ?

መልስ 1፦
ገዢዎች ዋጋ የሚሰጡት ወደፊት ይገኛል ብለው ለሚጠብቁት ትርፍ ሲሆን፣ እርስዎ ያካፈሉት ግን ላለፈው ዓመት ትርፍ ነው። ስለዚህ አስቀድመው የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን ከነማብራሪያዎቹ ያንብቡ። ከ20ው ውስጥ ግማሹ ኩባንያው ንብረት ሸጦ ያገኘው ቢሆን፣ ይህ በየዓመቱ የሚደገም ስላልሆነ ከመደበኛው ሥራ የተገኘው 10 ብቻ ይሆናል፤ ምጣኔውም ወደ 12 ከፍ ይላል። እንዲህ ያለው ገቢ ብዙ ጊዜ «ሌሎች ገቢዎች» በሚል አንድ መስመር ስለሚታለፍ ዝርዝሩን የሚያገኙት በማብራሪያው ውስጥ ነው። ወደ አክሲዮን ሊለወጥ የሚችል ብድር መኖሩንም ይመልከቱ፤ የአክሲዮኑ ቁጥር ሲጨምር ያው ትርፍ ለብዙ ይከፋፈላልና።

መልስ 2፦
ዘርፉን አልነገሩንም እንጂ፣ ነገሩ በአብዛኛው የሚወሰነው በእሱ ይመስለኛል። እንደ ብረትና ሲሚንቶ ባሉ፣ ትርፋቸው ከኢኮኖሚው ጋር ከፍ ዝቅ በሚል ዘርፎች ምጣኔው የሚያንሰው ትርፉ ጣሪያ በነካበት ጊዜ ነው፤ ገዢው ትርፉ እንደሚወርድ ስለሚጠብቅ ዋጋውን አብሮ አይሰቅልም። ተቃራኒውም ያጋጥማል፦ እ.ኤ.አ. በ2009 የኤስ ኤንድ ፒ 500 (የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ) ምጣኔ፣ ባለፉት 12 ወራት ትርፍ ሲሰላ፣ ከ100 በላይ ደርሶ ነበር፤ ይህም የሆነው አክሲዮኖቹ ተወድደው ሳይሆን ትርፋቸው ስለተሟጠጠ ነው። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ሮበርት ሺለር ዋጋን በዋጋ ንረት ለተስተካከለ የ10 ዓመት አማካይ ትርፍ የሚያካፍለው ይህን መዛባት ለማለዘብ ነው። ለአንድ ኩባንያ የ10 ዓመት መረጃ ካልተገኘ የአምስት ወይም የሰባት ዓመት አማካይም ከአንድ ዓመት ይሻላል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ማብራሪያውን ሳነበው ከ20ው ውስጥ 11ዱ የመሬት ሽያጭ ትርፍ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ምጣኔው 13 ገደማ ነው፣ አሁንም ከሁለተኛው በጥቂቱ ያንሳል። ነገር ግን ይኸው ኩባንያ ከፍተኛ የባንክ ብድር አለበት፤ ሁለተኛው ምንም የለበትም። ምጣኔው ይህን ያሳያል?

መልስ 3፦
በቀጥታ አያሳይም። የተጣራው ትርፍ ወለዱ ተቀንሶለታል፤ ዋናው ዕዳ ግን በስሌቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ በሁሉም አክሲዮኖች ጠቅላላ ዋጋ ላይ ዕዳውን ደምረው፣ በእጅ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ቀንሰው፣ ውጤቱን ከወለድና ከግብር በፊት ላለው መደበኛ ትርፍ ያካፍሉ። በዚህ መንገድ ያለ ዕዳ የሚሠራው ኩባንያ ርካሽ ሆኖ ቢገኝ አይደንቀኝም። የብድሩ ወለድ ተለዋዋጭ ከሆነ ደግሞ፣ ወለድ በጨመረ ቁጥር የቀረው 9 ራሱ ስለሚሸረሸር ያንንም ዝቅ አድርገው ያስሉት።