የክረምት ቅዳሜ ፊልም፦ እስከ ሐሙስ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊ፦ የሰፈራችን ሰዎች፣ ከጥምቀት ቲሸርት የተረፈው 9,400 ብር አሁንም እጃችን ላይ ነው። የቲሸርቱን ነገር አናንሳ። ሐምሌና ነሐሴ ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ሰው አያወጣም። በየተራ አንድ ቤት እየተሰበሰብን ብዙ ሰው ያላየውን ፊልም እንይ። አምስት ቅዳሜ፣ አምስት ቤት። ብሩ ለቡናና ለስክሪን ይሆናል። ለኮሚቴው አንድ ገጽ ጽፌ አቀርባለሁ፣ ፊልም ጠቁሙ።

መምህር፦ መጀመሪያ ጤዛ። ክርክር የለውም። የሠራው ኃይሌ ገሪማ እዚሁ ጎንደር የተወለደ ሰው ነው። ፊልሙ በፈረንጆቹ 2008 ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወሰደ፣ በዓመቱ ቡርኪና ፋሶ ዋጋዱጉ ፌስቲቫል ላይ ዋናውን የወርቅ ሽልማት። እኛ ሰፈር ያየው ሰው ግን ሦስት አይሞላም። ያሳፍራል። ጀርመን ተምሮ ወደ እናቱ ቤት የተመለሰ ሰው ታሪክ ነው። ደርግን ያየ ሰው ዝም ብሎ አይወጣውም።

ባጃጅ፦ ርዝመቱስ መምህር?

መምህር፦ 2 ሰዓት ከ20።

ባጃጅ፦ መብራት ያን ያህል ይቆያል ብለው ነው? ለማንኛውም ፕሮጀክተሩን ለእኔ ተዉት። የአጎቴ ልጅ አለው።

ነርሷ፦ እኔ ላምብን ነው የምለው። ያሬድ ዘለቀ የሠራው፣ በፈረንጆቹ 2015። ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ አለ፣ እናቱ ሞታበታለች። ከሷ የቀረችው ቹኒ የምትባል በግ ናት። አጎቱ ለበዓል ላርዳት ይላል። ልጁ ደግሞ እጁ ወጥ ቤት ላይ ነው የሚያምረው፣ በዚህም ይሰደባል። ልጆችም ሊያዩት ይችላሉ። ተራራውን ብቻ ማየት ይበቃል።

ባለ ሱቁ፦ በፍልሰታ በግ ልታሳዩን?

ነርሷ፦ አጎቱ ላርዳት ይላል አልኩ እንጂ ትበላለች አልኩ?

መምህር፦ ሁለተኛ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የሚባለው ፊልም ይግባ። እሱም የኃይሌ ነው፣ በፈረንጆቹ 1976 የወጣ። ጭሰኛና ባላባት።

ባጃጅ፦ ጥቁርና ነጩ? በዝናብ ቀን?

ገንዘብ ያዥ፦ ፊልሙን እናንተ ታውቃላችሁ። የኔ ጥያቄ አንድ ነው። ጫማ ይወልቃል ወይስ አይወልቅም?

ጸሐፊ፦ እትዬ፣ እሱ በየቤቱ ይታያል።

ገንዘብ ያዥ፦ አይታይም። ጽሑፉ ላይ ይግባ። የመግቢያችን ጭቃ የታወቀ ነው። አምና የሰኔ ሚካኤል ማኅበር እኔ ቤት ሲጠጣ ምንጣፌ ምን እንደ ሆነ ሁላችሁም አይታችኋል። ያጠበ ግን የለም።

ባለ ፎቁ፦ እኔ የሰው ቤት ጫማ አውልቄ አልገባም። መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም አይደለም፣ ሳሎን ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው እኔ ቤት አይመጡም።

ባለ ፎቁ፦ ማን ለመነ?

ባለ ሱቁ፦ አያ ካልሲያቸው ተቀዶ ይሆናል 😂

ባለ ፎቁ፦ ምን ሁነህ ነው አንተ? ያንን የዱቤ ደብተር ላውጣው እንዴ እዚህ?

ባለ ሱቁ፦ ያውጡት። አንቱ ያለብዎት ይበልጣል።

ነርሷ፦ ኧረ ተዉ በማርያም። ፌስታል ጫማ ላይ አጥልቆ መግባት ይቻላል፣ ክሊኒክ እንደዛ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ፌስታል ያንሸራትታል። እኔ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ።

የአዘዞው፦ በር ላይ ከወለቀ ደግሞ ማን ይጠብቃል? የሰርጉ ዕለት የኔ ጫማ ሄዶ በሰው ቁጥር 39 እያነከስኩ ወደ ቤቴ ገባሁ። እስካሁን ይቅርታ ያለኝ የለም።

ባለ ፎቁ፦ ተው እንጂ፣ እኔን እያየህ አትናገር።

የአዘዞው፦ አላየሁም። የተጻፈ ነገር እንዴት ያያል?

ባለ ፎቁ፦ በቃ እኔ ወጣሁ።

(ባለ ፎቁ ቡድኑን ለቀቁ)

መምህር፦ በነገራችን ላይ ቁራኛዬን ረስተናል። በፈረንጆቹ 2019፣ ሞገስ ታፈሰ የሠራው። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ፍርድ ፍለጋ አብረው ይሄዳሉ። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። የዚያን ዘመን ሕግ ከየትኛውም መጽሐፍ በተሻለ ያሳያል። እናንተን የተጣላችሁትን እንደዛ ማሰር ነበር የሚሻለው፣ እስከ መስከረም ትታረቁ ነበር።

ነርሷ፦ 😂😂 እሱ ይጻፍ

ጸሐፊ፦ ሐሙስ ደርሷል። እስካሁን የገባው፦ ጤዛ፣ ላምብ፣ ቁራኛዬ። ባጃጅ፣ ፕሮጀክተሩ ምን ደረሰ?

ጸሐፊ፦ ባጃጅ?

ጸሐፊ፦ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሳም።

የአዘዞው፦ ለነገሩ የጫማው ጣጣ ከጭቃው ነው። ጭቃው ባይኖር ማን ያወልቅ ነበር? ከጀርባ በር እስከ ዋናው አስፋልት አንድ ሲኖትራክ ገረጋንቲ ብናስደፋ ያልቅለታል።

ገንዘብ ያዥ፦ ይኸው! ይህን ነው ማለት የነበረብኝ።

ባለ ሱቁ፦ 9,400ው አይበቃም።

ገንዘብ ያዥ፦ በየቤቱ 300 ጨምሩ። ለቲሸርት ስትሰጡ ጊዜ እጃችሁ አልተንቀጠቀጠም።

መምህር፦ ገንዘቡ ለፊልም ነበር እኮ የተባለው።

ገንዘብ ያዥ፦ ፊልም ለማየትም መንገድ ያስፈልጋል።

(ባለ ፎቁ ተመልሰው ገቡ)

ባለ ፎቁ፦ የገረጋንቲውን ነገር ሰማሁ። እሱ ጥሩ ነው። 500 እሰጣለሁ። ጫማ ግን አላወልቅም።

ገንዘብ ያዥ፦ ጭቃ ከሌለ አይወልቁም፣ ማን አስገደድዎ።

ባለ ሱቁ፦ አያ፣ ስለ ደብተሩ... ቁጣ ነው።

ባለ ፎቁ፦ ተወው። ነገ መጥቼ እዘጋዋለሁ።

ጸሐፊ፦ እሺ ሰዎች። ለኮሚቴው የምወስደው እንዲህ ሁኗል። አንደኛ፣ የመግቢያውን መንገድ በገረጋንቲ ማስተካከል። ሁለተኛ፣ በየቤቱ 300 ብር መዋጮ። ሦስተኛ፣ በር ላይ የጫማ መደርደሪያ፣ በማን ወጪ እንደሆነ ወደፊት ይወሰናል። አራተኛ፣ ብር ከተረፈ የፊልም ፕሮግራም።

መምህር፦ ጤዛ አራተኛ ላይ?

ጸሐፊ፦ ስሙ የለም መምህር። «የፊልም ፕሮግራም» ነው የሚለው። ገጹ ሞላብኝ።

መምህር፦ የኛ ነገር።

ነርሷ፦ እኔ ግን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላምብን ቤቴ በቴሌቪዥን ላየው ነው። ፍላሽ ላይ አለኝ። ቡና አፈላለሁ፣ ቆሎ ይዞ የሚመጣ ካለ ደስ ይለኛል።

መምህር፦ እኔ አለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጫማ?

ነርሷ፦ እትዬ!

ባጃጅ፦ ሰላም፣ ስልኬ ተበላሽቶ ነበር። ፕሮጀክተሩ አልሆነም። ግን ሲኖትራክ ያለው ጓደኛ አለኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሊያመጣ ይችላል።

ባለ ፎቁ፦ በየት በኩል? በኔ በር አያልፍም። የውኃ ቱቦዬ እዚያ ነው የተቀበረው።