ጎበዝ ዴቨሎፐርን ፕሮጀክት ማናጀር ማድረግ እድገት ነው ወይስ ብክነት?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሰባት ዓመት ኮድ ጽፌያለሁ። መሥሪያ ቤቴ የፕሮጀክት ማናጀር ቦታ ከፍቶ ተወዳደር ብሎኛል። ደመወዙ ይሻላል። እኛ ጋ ለዴቨሎፐር ከሲኒየር በላይ ደረጃ የለም፤ ማደግ ከፈለግክ ኮዱን ትተዋለህ። ይህ አሠራር ልክ ነው ትላላችሁ?

ባክኤንድ ሠራተኛ፦ ልክ አይደለም። በአንድ ቀን ሁለት ኪሳራ ነው። ጎበዝ ዴቨሎፐር ይሄዳል፣ በቦታው ስብሰባ የሚያስጠላው ማናጀር ይመጣል። ገንዘቡን እዚያው ኮዱ ላይ እያለ ይክፈሉት።

የድርጅት ባለቤት፦ በአፍ ቀላል ነው። ደንበኛ የሚከፍለኝ ሥራውን በቀኑ ሳስረክብ ነው። የሚያስረክብልኝን ሰው ብፈልግ ምን ይገርማል?

ባክኤንድ ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ ያ ልጅ ነገ ለውጭ ድርጅት ከቤቱ ሆኖ መሥራት ቢጀምር የሚያስረክቡት ምን ይኖርዎታል?

ቴስተር፦ ስክረም በሚባለው የሶፍትዌር ቡድን አሠራር ውስጥ እኮ ፕሮጀክት ማናጀር የሚባል ሚና የለም። ፕሮዳክት ኦውነር፣ ስክረም ማስተር፣ ዴቨሎፐር፤ በቃ።

ከኮድ ወደ ማናጀርነት የተሻገረች፦ በጨረታ የተወሰደ ሥራ ላይ ግን ውል አለ፣ የመዘግየት ቅጣት አለ፣ በዙር የሚለቀቅ ክፍያ አለ። አንድ ሰው ሊከታተለው ግድ ነው። ያ ሰው ኮድ የሚያውቅ ቢሆን እመርጣለሁ። አንዴ ደንበኛችን «ወርሃዊ የሽያጭ ሪፖርት» ብሎ ጻፈልን። «ጳጉሜንስ የት እናድርጋት?» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ለብቻዋ ትቁም ወይስ ከነሐሴ ጋር ትደመር፣ የወሰነ ሰው አልነበረም። ጥያቄው በርክክብ ሳምንት ቢመጣ ኖሮ ስንት ሌሊት እናድር ነበር! ደግሞም ሥራ ሲዘገይ «አምስት ልጅ ጨምሪ» ሲሉኝ እምቢ የማለት አቅም የሰጠኝ ኮዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአይቢኤምን ኦኤስ/360 የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር የባሰ ያዘገየዋል ብሏል። አዲሱን ሰው የሚያስተምረው ያው የተጨናነቀው ልጅ ነዋ።

ግን ወንድሜ፣ አንተን የምጠይቅህ ሌላ ነው። ኪቦርዱን መልቀቅ ትችላለህ? እኔ መጀመሪያ አልቻልኩም። የልጆቹን ኮድ ማታ ቤቴ ገብቼ ራሴ አስተካክል ነበር። በሦስተኛው ጊዜ አንዱ ጠዋት ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙሮ «ካላመንሽኝ ሥራውን ውሰጂው» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በዚያው ቀን የቡድኑ ኮድ የሚቀመጥበት ሪፖዚተሪ ላይ የመጻፍ ፈቃዴን አስነሣሁ። ከዚያ በኋላ ነው ማናጀር የሆንኩት።

ቴስተር፦ ይሄን አልክድም። ጥሩ ማናጀር ሲኖር እኛም እንተነፍሳለን።

ሌላ ተሳታፊ፦ መጀመሪያ ፒኤምፒ የሚባለውን የፕሮጀክት ማናጀርነት የምስክር ወረቀት ያውጣ።

ከኮድ ወደ ማናጀርነት የተሻገረች፦ ዲግሪ ላለው እንኳ ፕሮጀክት የመራበት የ36 ወር ልምድና የ35 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ሳይጀምር ከየት ያመጣዋል?

ባክኤንድ ሠራተኛ፦ እኔ አሁንም አቋሜ ያው ነው። ሥራውን ወዶት የሚሄድ ይሂድ፣ መንገዱን እመርቃለሁ። ለደመወዝ ብሎ የሚሄደው ልጅ ነው የሚያሳዝነኝ።

ጠያቂ፦ እውነቱን ልናገር፣ ግማሹ ለደመወዝ ነው። ነገ አለቃዬን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። እዚሁ ኮዱ ላይ ብቆይ ደመወዜ የት ድረስ ይሄዳል? ሄጄ ካልሆነልኝስ በነበርኩበት ደረጃ መመለስ እችላለሁ?